ሰሌዳ የሌለው የችግኝ መሸጫ፦ ከአንድ ክረምትና ከአንድ በጋ በኋላ የተጻፈ ግምገማ

ይህን ግምገማ ለመጻፍ አሥራ አንድ ወር ያህል ጠብቄአለሁ። በሰኔ 2016 ዓ.ም. እኔና የሰፈሬ በጎ ፈቃደኞች ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ሲወረድ ከወንዝ ዳር ካለ አንድ የችግኝ መሸጫ 86 ችግኞች ገዝተን ነበር። በዚያው ሳምንት ብጽፍ ኖሮ የምጽፈው ስለ መስተንግዶውና ስለ ዋጋው ብቻ በሆነ ነበር፤ ሐምሌ ላይ ብጽፍ ደግሞ ሁሉንም አድንቄ በጨረስኩ ነበር፤ በአዲስ አበባ ሐምሌ ላይ የተተከለ ሁሉ፣ ሥር ያለውም የሌለውም፣ ለምለም ይመስላልና። ችግኝ የሚፈተነው ዝናቡ ቆሞ፣ የኅዳርና የታኅሣሥ የሌሊት ብርድ አልፎ፣ የጥርና የየካቲት ፀሐይ መሬቱን ሲሰነጥቀው ነው። አሁን ግንቦት 2017 ዓ.ም. ገብቷል፤ የተረፈውንም የሞተውንም ቆጥረናል፤ ስለዚህ መጻፍ እችላለሁ።

የአትክልት ቦታችን ትልቅ አይደለም። በሁለት የግንብ አጥሮች መካከል ተጨምቆ ወደ ወንዙ የሚያዘቀዝቅ፣ በእርምጃ ስንለካው ሁለት መቶ ካሬ ሜትር የሚጠጋ መሬት ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት የግንባታ ፍርስራሽና የቤት ቆሻሻ ሲደፋበት የኖረ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከዕድራችን አባላት መካከል ጥቂቶቹ ቅዳሜ ጠዋት እየወጡ ፍርስራሹን በአካፋና በጋሪ ማውጣት ጀመሩ። ዛሬ በቋሚነት የምንወጣው አሥራ አራት ነን፤ ከመካከላችን ጡረታ የወጡ መምህር፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ ጠላ ጠምቀው የሚሸጡ እናትም አሉ። አረንጓዴ አሻራ የተባለው አገር አቀፍ የተከላ ዘመቻ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ጉድጓድ ቆፍሮ ችግኝ ማኖር ለማንኛችንም እንግዳ ነገር አልነበረም። እንግዳ የሆነብን ከተከላ በፊትና በኋላ ያለው ሥራ ነው፤ ችግኙን ከማን እንደሚገዙ መምረጥም የዚያ ሥራ ክፍል መሆኑን የተማርነው ከኪሳችን ከፍለን ነው።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ከመንገድ ዳር ከቆመ የጭነት መኪና ላይ አርባ ያበበ አበባ ገዛን። ሰፈሩ በአንድ ቀን አማረ፤ ያለፈ ያገደመው ሁሉ እየቆመ መረቀን። ለመስቀል የቀሩት ስድስት ነበሩ። የደረቁትን ስንነቅላቸው አብዛኞቹ ሥር የሚባል ነገር አልነበራቸውም፤ ከትልቅ ተክል ላይ አበባቸውን እንደያዙ ተቆርጠው፣ እርጥብ አፈር በተሞላ ላስቲክ ውስጥ ተሰክተው የተሸጡልን ቅርንጫፎች ነበሩ። ሻጩን ተመልሰን ብንፈልገውም መኪናው እዚያ ቦታ ላይ ዳግመኛ አልታየም። ከዚያ ወዲህ የማኅበራችን ያልተጻፈ ደንብ ዘንድሮ የሸጠልንን ሰው በዓመቱ በዚያው ቦታ ላይ ልናገኘው የምንችል መሆን አለበት የሚል ሆነ።

ወደዚህኛው መሸጫ የመሩን ጠላ ጠማቂዋ እናት ናቸው፤ ጌሾ ከዚያ ገዝተው በግቢያቸው ተክለው ነበር። ቦታው ሰሌዳም ስምም የለውም። ወደ ወንዙ በሚያወርደው የኮብልስቶን መንገድ ዳር አረንጓዴ የጥላ መረብ ተወጥሮ ስታዩ ደርሳችኋል ማለት ነው። የሰፈሩ ሰው «እትዬ ጋ» ነው የሚለው፤ ባለቤቷ ስድሳውን የተሻገሩ ሴት ሲሆኑ፣ አብረዋቸው ሁለት ወጣቶች ይሠራሉ። በሁለት ቅዳሜዎች በተለያየ ሰዓት ሄጄ እንዳየሁት፣ እሳቸው በሌሉበት ሰዓት የሚሰጠው አገልግሎት በግማሽ ያነሰ ነው፤ ወጣቶቹ ትሑታን ቢሆኑም የሚያውቁት ዋጋውን ብቻ ነው።

ስንገባ ዋጋ ጠየቅን፤ እሳቸው ግን መልሰው እኛን ጠየቁን።

«የት ነው የምትተክሉት?»

«እዚሁ ወንዙ ዳር ነው፣ እትዬ።»

«እሱን አላልኳችሁም። ፀሐይ በስንት ሰዓት ይደርሰዋል? ከበላዩ የመብራት ሽቦ አለ? ውኃ የሚያጠጣውስ ማን ነው?»

«በፈረቃ እናጠጣለን።»

«በፈረቃማ ውኃውም ይመጣል» አሉና ሳቁ፤ «እኔ የምጠይቃችሁ ቧንቧው ሲጠፋ ማን ተሸክሞ ያመጣል ብዬ ነው።»

ይህ ጥያቄ ቀልድ ቢመስልም በኋላ የገዛነውን ሁሉ የወሰነው እሱ ነው። ሮቶ የሌለን፣ ከሰፈሩ ቤቶች በሃያ ሊትር ጀሪካን እየቀዳን የምናጠጣ መሆናችንን ስንነግራቸው፣ በዝርዝራችን ላይ ከያዝነው ወደ ግማሽ የሚጠጋውን ራሳቸው ሰረዙት። ሊሸጡልን ይችሉ የነበረውን ነገር «ለእናንተ አይሆንም» ብለው የሰረዙ ሻጭ ሳይ በሕይወቴ ሁለተኛዬ ነው፤ የመጀመሪያው ለልጄ ጫማ ስገዛ ነበር።

ከዚያም ያለ ማንም ጥያቄ ሥር አሳዩን። ከረድፉ አንድ የጌሾ ችግኝ አንሥተው፣ ግንዱን በሁለት ጣቶቻቸው መካከል አድርገው ላስቲኩን ገለበጡትና በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት፤ አፈሩ ሳይፈርስ እንደ ቡሄ ሙልሙል ወጣ። ነጫጭና ቀጫጭን ሥሮች ከላይ እስከ ታች እንደ መረብ ይዘውት ነበር። መልሰው ካስገቡት በኋላ ከኋለኛው ረድፍ ሌላ አወጡ፤ የዚህኛው ሥር ግን ቡናማ ሆኖ፣ ከላስቲኩ ግርጌ እንደ ተጠቀለለ ገመድ ተጠማዞ ነበር። «ይሄ ላስቲኩ ውስጥ ዓመት አልፎታል። ብትተክሉት ይቆማል፤ ግን ሥሩ ራሱን እያነቀ አያድግም» አሉና ወደ ጎን አስቀመጡት። የሚሸጡት ችግኝ ሁሉ ከመሸጡ በፊት ከጥላ መረቡ ሥር ወጥቶ ሁለትና ሦስት ሳምንት ፀሐይ ላይ እንዲጠነክር እንደሚደረግ፣ በመረቡ ሥር ካለው እንዳንመርጥም ነገሩን። የአፈሩን ድብልቅ ስጠይቃቸው ሳይደብቁ 3 እጅ አፈር፣ 2 እጅ ብስባሽ፣ 1 እጅ አሸዋ መሆኑን ገለጹልኝ። ይህን የምጽፈው ሌላ ቦታ ለምትገዙም ይጠቅማል ብዬ ነው፤ ችግኝ ሻጭ ሥሩን እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፤ አፈሩ ተበትኖ የሚወርድ ከሆነ ወይም ሻጩ «ይሞታል» ብሎ ከከለከላችሁ እኔ ብሆን አልገዛም።

የወንዙን ነገር የጠየቅሁት እኔ ነኝ። መሸጫው ከወንዙ የድንጋይ ውርወራ ያህል እንኳ አይርቅም፤ የከተማችን ወንዞች ደግሞ የፍሳሽ ቆሻሻ እየተቀበሉ ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ የሚወርዱ መሆናቸውን የማያውቅ የለም። የጎመንና የሰላጣ ችግኝ በምን ውኃ እንደሚያድግ ስጠይቃቸው ቅር አላላቸውም፤ ወደ ጓሮ ወስደው የቧንቧ መስመራቸውንና ሁለት ትልልቅ በርሜሎች አሳዩኝ። ከወንዙ የሚቀዳው ለጌጥ ዛፎችና ለአበባ ብቻ እንደሆነ፣ ለሚበላ ነገር ግን እንደማይነካ ነገሩኝ። ይህንኑ ለእኛም መከሩን። በጥር ወር ውኃ ጠፍቶ ከመካከላችን አንዱ ጀሪካኑን ይዞ ወደ ወንዙ ሲወርድ፣ ከግማሽ መንገድ የመለስነው በዚያ ምክር ነው። ቆስጣችን ለሁለት ሳምንት ጠውልጎ ሰነበተ እንጂ የወንዙን ውኃ አልጠጣም።

ወደ ግዢው ልመለስ። 30 የጥብስ ቅጠል ለመንገዱ ዳር፣ 10 የሐበሻ ጽድ ለላይኛው አጥር፣ 12 ጌሾ፣ 12 ጠጅ ሣር ለተዳፋቱ፣ 16 ጽጌረዳ፣ 4 የተዳቀለ አቮካዶ እና 2 አፕል ወሰድን። የጥብስ ቅጠሉ 30 ብር፣ ጽዱና ጌሾው 25 ብር፣ ጠጅ ሣሩ 20 ብር፣ ጽጌረዳው 80 ብር፣ የተዳቀለው አቮካዶ 300 ብር፣ አፕሉ 350 ብር ነበር። ጠቅላላው 4,870 ብር ሆኖ 4,500 ብር ተቀበሉን፤ ቅናሹን የጠየቅነው እኛ አይደለንም። ዘንድሮ ዋጋው ጨምሮ ሊጠብቃችሁ ስለሚችል ይህን እንደ መነሻ ብቻ ውሰዱት። እያንዳንዳችን 300 ብር አዋጥተን፣ ዕድሩ 1,000 ብር ጨምሮልን ስለነበር ከመጓጓዣው በኋላ 100 ብር ተረፈን፤ እሱም ለቡና ዋለ።

ስለ አቮካዶውና ስለ አፕሉ ትንሽ ልዘርዝር፤ ብዙ ሰው የሚታለለው በፍራፍሬ ችግኝ ነው። ከፍሬ ዘር የበቀለ አቮካዶ ፍሬ እስኪሰጥ ብዙ ዓመት ያስጠብቃል፤ የሚሰጠውም ፍሬ የእናቱን ላይመስል ይችላል። የተዳቀለው ግን በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ማፍራት ይጀምራል ተብሎ ይጠበቃል። ልዩነቱ በዓይን የሚታየው ከአፈሩ በላይ፣ ግንዱ ላይ፣ ሁለቱ እንጨቶች የተጋጠሙበት ጠባሳ ሲኖር ነው። ባለቤቷ አራቱንም እያዞሩ ጠባሳውን አስነኩን፤ ስንተክልም ይህ መገጣጠሚያ ከአፈር በላይ እንዲቀር አስጠነቀቁን። አፕሉን በተመለከተ እኛ አንድ ብቻ ነበር የፈለግነው። አፕል ያለ ሌላ ዓይነት ጎረቤት በደንብ ስለማያፈራ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ጎን ለጎን መተከል እንዳለባቸው ነግረውን ነው ሁለተኛውን ያስጨመሩን። እንደ ጨንቻ ያለ የደጋ አገር ፍሬ በአዲስ አበባ እምብርት ይሆናል ወይ የሚለውን ጥያቄ መልሱን የማውቀው ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፤ እስካሁን ሁለቱም በሕይወት አሉ፤ አንደኛው ዘንድሮ አምስት አበባ አሳይቶ አራግፎታል።

የማይሸጡትም ነገር አለ። ከመካከላችን አንዷ ተማሪ የአደይ አበባ ችግኝ ብትጠይቃቸው በጣም ሳቁ። «አደይ ይገዛል እንዴ፣ ልጄ? በክረምት አረም ስትነቅሉ አብራችሁ አትንቀሉት እንጂ ራሱ ይመጣል» አሏት። ነሐሴ ላይ ከታችኛው ጥግ አንድ ካሬ ሜትር የሚሆን ቦታ ሳንነካ ተውነው፤ መስከረም ላይ ቢጫ ሆኖ ወጣ። የከፈልንበት ነገር ቢኖር የአረም ነቃዩ ሁሉ ትችት ነው።

አሁን ወደ ጉድለቶቹ እመጣለሁ፤ ጥቂት አይደሉም።

ትልቁ ጉድለት የጽዱ ነው። የመጀመሪያው ቅዳሜ ለጽዱ የሚሆነው ጉድጓድ ስላልተዘጋጀ አሥሩ ችግኞች በላስቲካቸው ተቀምጠው ነበር። በሁለተኛው ቅዳሜ፣ ታመው የሰነበቱት ጡረተኛ መምህራችን በምርኩዛቸው መጡና አንዱን ቅጠል በመዳፋቸው ከታች ወደ ላይ ደባበሱት። «ልጆች፣ ይህማ የፈረንጁ ነው» አሉ። አላመንናቸውም። እሳቸው ግን በአጥራቸው ውስጥ ወዳለ አንድ የሐበሻ ጽድ ወሰዱንና ከሥሩ በራሱ የበቀለ ትንሽ ቡቃያ አስነኩን፤ ቅጠሉ እንደ መርፌ ይዋጋ ነበር። ለካስ የሐበሻ ጽድ ልጅ ሳለ ቅጠሉ ሹልና ተዋጊ ሲሆን፣ የፈረንጅ ጽድ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ለስላሳ ነው። የእንጦጦ ጥንታዊ ደን ጽድ የሐበሻው ነው፤ የፈረንጁ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ ነው። ለአጥር የትኛውም ይሆናል የሚል ይኖራል፤ እኛ ግን የከፈልነው ለሐበሻው ነበር፤ በዕድሩ ስብሰባም ያስጸደቅነው አገር በቀል ዛፍ ብለን ነው።

አሥሩንም ጭነን መለስናቸው። ባለቤቷ አልተከራከሩም፤ አንዱን ነክተው ወዲያው ወደ ወጣቶቹ ዞሩና ረድፉን ማን እንደቀላቀለው ጠየቁ። ሰባት ትክክለኛ የሐበሻ ጽድ ያዙልን፤ ለቀሩት ሦስቱ ገንዘባችንን ሊመልሱ ፈልገው እኛ ችግኙን ስለመረጥን በደብተራቸው ላይ ጻፉልን። አያያዛቸው ያስመሰግናል። ይሁንና እነዚያ መምህር ባይኖሩ ኖሮ ስህተቱን የምናውቀው ዛፎቹ ከራሳችን ቁመት ካለፉ በኋላ ነበር። በረድፎቹ ላይ የዝርያ ስም የተጻፈበት ምልክት አንድም የለም፤ ሁሉም ነገር በባለቤቷ ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው። ይህ ለአንድ የጓሮ አበባ ገዢ ቀላል ነገር ሊሆን ይችላል፤ ለሕዝብ ቦታ ለሚገዛ ማኅበር ግን ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው ጉድለት ማጓጓዣው ነው። ፒካፕ ያቀረቡልን እነሱ ሲሆኑ 600 ብር ከፈልን። ሾፌሩ ችግኞቹን እንደ ማገዶ ደርድሮ፣ አቮካዶዎቹን ከጽጌረዳዎቹ ሥር አስገብቶ አመጣቸው። አንዱ አቮካዶ ልክ ከመገጣጠሚያው ላይ ተሰብሮ ደረሰ፤ 300 ብር እዚያው ቀረ ማለት ነው። ባለቤቷ መኪናው የእሳቸው እንዳልሆነ ተናግረው አዘኑ እንጂ ካሣ አልሰጡንም። መኪናውን የጠሩት እሳቸው ስለሆኑ ቢያንስ ግማሹን ሊጋሩን ይገባ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ይህንንም በፊታቸው ተናግሬአለሁ።

ደረሰኝ የላቸውም። ዕድሩ ገንዘብ ስለጨመረልን ሒሳብ ያዣችን ሕጋዊ ደረሰኝ ይጠይቁናል፤ ያገኘነው ግን ከደብተር የተቀደደ፣ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ነው። ገንዘቡን በቴሌብር ስለከፈልን የመጣውን ማረጋገጫ አትመን አያያዝነው፤ ሒሳብ ያዣችን እያጉረመረሙ ተቀበሉት። በማኅበር ወይም በመሥሪያ ቤት ስም የምትገዙ ከሆነ ይህን አስቀድማችሁ አስቡበት።

ብስባሹንም አልወደድኩትም፤ ቢያንስ የመጀመሪያውን። በማዳበሪያ ነው የሚሸጠው፤ በእኛ አገር ጆንያውንም ይዘቱንም ማዳበሪያ ስለምንል «አንድ ማዳበሪያ ማዳበሪያ ስጡኝ» ብዬ ራሴንም አስቄአለሁ። ከገዛናቸው ሦስቱ አንደኛው ሲከፈት ይሞቅ ነበር፤ የአሞኒያ ሽታም ነበረው፤ የቡና ገለባው ገና አልበሰበሰም። ያልበሰለ ብስባሽ ሥር ያቃጥላል። የበሰለው በእፍኝ ሲጨበጥ ዝናብ የመታው አፈር እንጂ ሌላ ነገር አይሸትም፤ እንዲህ ያለውን ከሁለቱ ጆንያዎች አገኘን። ያልበሰለውን ጥግ ላይ ከምረን፣ በላስቲክ ሸፍነን፣ በየሁለት ሳምንቱ እያገላበጥን ለመስከረም አደረስነው። አሁን የራሳችንን ከጎመን ቅጠልና ከቡና አተላ እያዘጋጀን ስለሆነ ዳግመኛ አንገዛም። ሣራቸውንም አትግዙ፤ በብጣሽ የሚሸጠው የመስክ ሣር ከሰርዶና ከሙጃ ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚመጣው፤ ጎረቤታችን ለግቢያቸው ገዝተው ሦስት ወር አረም ሲነቅሉ ከርመዋል።

ከሽያጩ በኋላ ስላለው አገልግሎት ግን በበጎ የምናገረው አለኝ። ጥቅምት ላይ ባለቤቷ ራሳቸው፣ ሳንከፍላቸው፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በነጠላቸው ወደ አትክልት ቦታችን ገቡ። አቮካዶዎቹን አይተው ታችኛው ውኃ የሚተኛበት ቦታ ላይ መተከሉን ወዲያው ለዩ፤ አቮካዶ ሥሩ ውኃ ውስጥ ሲቆም እንደሚበሰብስ ተናግረው ወደ ላይ እንድናዛውረው መከሩን። እኛ «በሚቀጥለው ቅዳሜ» አልን፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ዝናብ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ረሳነው። ኅዳር ላይ ቅጠሉ ከጫፍ ጀምሮ ጠቆረና ሞተ። ይህንን ሞት በመሸጫው ላይ አልጽፍም።

የሃይላንዱንም ዘዴ ያሳዩን በዚያው ቀን ነው። ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ክዳኑ ላይ በጋለ ምስማር ሁለት ቀዳዳ ይበሳል፤ ቂጡ ተቆርጦ፣ አንገቱ ወደ ታች ሆኖ ከሥሩ አጠገብ ይቀበራል፤ ከላይ ውኃ ሲሞላ ቀስ እያለ ወደ ሥሩ ይንጠባጠባል። በዙሪያው ደረቅ ሣር ይነጠፋል። ሰማንያ የሚጠጉ ጠርሙሶች ከሰፈሩ ሰበሰብን፤ አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ብቻዋን ሃያ ሁለት አመጣች። ቀድሞ በሳምንት ሦስት ጊዜ እናጠጣ የነበረውን በዚህ ዘዴ ወደ አንድ ጊዜ አወረድነው፤ በበጋው ያዳነን ይህ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የጥብስ ቅጠልን ከቅርንጫፍ ማባዛትንም አስተምረውናል፦ ጣት የሚያህል ቀንበጥ ቆርጦ፣ የታችኛውን ግማሽ ቅጠል አራግፎ፣ አሸዋ በበዛበት አፈር ሰክቶ በጥላ ማቆየት ነው። በዚህም ከራሳችን ተክል አርባ ያህል አፍልተን የታችኛውን መንገድ ጨምረን አጥረንበታል። ደንበኛ የሚያሳጣቸውን ሙያ ነው ያስተማሩን።

ቆጠራው ይህን ይመስላል። ከ86ቱ ሦስቱ ጽዶች ገና ስላልደረሱን፣ አንዱ አቮካዶም በመንገድ ስለተሰበረ የተከልነው 82 ነበር። ከእነዚህ አራት ጽጌረዳዎች፣ ሁለት ጠጅ ሣሮችና ያ ውኃ የተኛበት አቮካዶ ሞተዋል፤ 75 አሉ። በ2015 ዓ.ም. ከአርባው ስድስት የቀሩልን ሰዎች ስለሆንን ይህ ቁጥር ለእኛ ትልቅ ነው። ከጽጌረዳዎቹ ሁለቱ የሞቱት በኅዳር ብርድ ሲሆን የሌሎቹን ሁለቱን ምክንያት አላወቅነውም። ጌሾው ሙሉ በሙሉ ጸድቋል፤ ጠላ ጠማቂዋ እናት ለፋሲካ የመጀመሪያውን ቅጠል ለቅመው ጠምቀውልናል፤ የዚያን ጠላ ግምገማ ለብቻው ልጽፍ ብችል ደስ ባለኝ።

በአጠቃላይ ዛፍ፣ ጌሾ፣ የፍራፍሬ ችግኝ ወይም የወጥ ቅጠላ ቅጠል የሚፈልግ ማንኛውም የሰፈር ማኅበር ወደዚህ መሸጫ ቢሄድ አይቆጭም እላለሁ፤ ለሠርግ ወይም ለእንግዳ በአንድ ቀን ያበበ ግቢ የሚፈልግ ግን ሌላ ቦታ ቢሞክር ይሻለዋል፤ እዚህ ያበበ ነገር ብዙም የለም፤ ያለውንም ባለቤቷ በቀላሉ አይሸጡም። ስትሄዱ ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት ሂዱ፤ እሳቸው የሚገኙት በዚያ ሰዓት ነው። ካርቶን ይዛችሁ ሂዱና ችግኙን ራሳችሁ ደርድሩ፤ መኪናም ራሳችሁ ፈልጉ። ጽድ ከገዛችሁ ቅጠሉን በመዳፋችሁ ከታች ወደ ላይ ደባብሱት፤ ካልወጋችሁ መልሱት።

ባለፈው ሳምንት አልፌ ጠይቄአቸው ነበር። ደብተራቸውን አውጥተው ገጹን ገልጠው አሳዩኝ፤ ሦስቱ የሐበሻ ጽዶች አሁንም በእዳ ተጽፈዋል። ለሰኔ ቀጥረውናል፤ ጉድጓዶቹንም ቆፍረን አፈሩ ፀሐይ እንዲመታው ከፍተን ትተነዋል።